የድመት ፋውንቴን ማጣሪያው ስለተቀየረ ብቻ አይጸዳም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤት እንስሳት በምታወጧቸው ጽሑፎች ምግብና ክትባት ሰፊ ቦታ ያገኛሉ፤ ይገባቸዋልም። ውሃው ግን «ንጹሕ ውሃ አይለያት» በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። ውሃ በሳህን ለሚያቀርብ ሰው ይህ ይበቃ ይሆናል። በፓምፕ እየተገፋ ለሚዘዋወረው፣ ብዙዎቻችን ፋውንቴን ለምንለው መጠጫ ግን አይበቃም። ይህ ዕቃ ከሳህን የበለጠ ጽዳት የሚጠይቅ ሆኖ ሳለ፣ ሲሸጥ የሚነገርለት ተቃራኒው ነው፤ ማጣሪያ ስላለው ራሱን ያጸዳል ይባላል። ራሱን አያጸዳም። ማጣሪያውን በየወቅቱ እየቀየረ ፓምፑን ግን አንድም ቀን ከፍቶ የማያውቅ ሰው፣ ድመቱን የሚያጠጣው በቆሻሻ መሐል እየዞረ የሚመለስ ውሃ ነው። አንባቢዎቻችሁ ይህን በዝርዝር ሊያውቁት ስለሚገባ ነው የምጽፈው።

ከማጣሪያው ልጀምር። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ነገር የተደራረበበት ነው። ስፖንጁና ጨርቁ ፀጉርና የምግብ ፍርፋሪ ይይዛሉ። ከሰሉ የክሎሪንን ሽታና ጣዕም ይመጥጣል። በአንዳንዶቹ ውስጥ የሚጨመሩት ጥቃቅን የሬዚን እንክብሎች ደግሞ ከውሃው ካልሲየም ወስደው በምትኩ ሶዲየም ይለቃሉ። ከሦስቱ አንዱም ባክቴሪያ አይገድልም። እንዲያውም በቧንቧ ውሃ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ የሚከላከለውን ክሎሪን ከሰሉ ስለሚወስደው፣ በማጣሪያው ያለፈ ውሃ በቀጥታ ከቧንቧ ከተቀዳው ይልቅ ቶሎ ይበላሻል። ከሰሉ ራሱ በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ስለሆነ ለባክቴሪያ የተመቸ ማደሪያ ነው፤ ጊዜው ያለፈበት ማጣሪያ ቢወጣ የሚሻለውም ለዚህ ነው። በጨረሩ ጀርም የሚገድል የአልትራቫዮሌት መብራት የተገጠመላቸውም ቢሆኑ መብራቱ የሚነካው በአጠገቡ የሚያልፈውን ውሃ ብቻ ነው። በግድግዳውና በቱቦው ላይ የተለጠፈውን አይደርስበትም።

የሚለጠፈው ምንድን ነው? ድመት በጠጣች ቁጥር ምራቋን፣ የአገጯን ፀጉርና ከከንፈሯ የቀረውን የምግብ ቅባት ውሃው ውስጥ ትተዋለች። ባክቴሪያዎች ይህን እየተመገቡ የዕቃው ግድግዳ ላይ ይጣበቃሉ፤ ከዚያም ዝልግልግ ነገር እያመነጩ ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ባዮፊልም የሚባለው ይህ ሽፋን ነው። በውሃ ቢለቀለቅ አይለቅም። የሳሙና ውሃ ውስጥ ቢዘፈዘፍም እንዲሁ፤ የግድ መታሸት አለበት። መኖሩን ለማወቅ ምንም መሣሪያ አያስፈልግም። ውሃውን መድፋት፣ ዕቃውን በንጹሕ ውሃ ለቅለቅ ማድረግ፣ ከዚያ ውሃው ይደርስበት ከነበረው መስመር በታች ግድግዳውን በጣት ማሸት ነው። ንጹሕ ግድግዳ ጣትን ያዝ ያደርጋል። የሚያሙለጨልጭ ከሆነ፣ ውሃው የቱንም ያህል ጥርት ብሎ ቢታይ፣ ባዮፊልም አለ።

ቀለሙም ይናገራል። ወደ ሮዝ የሚያደላ ሽፋን ብዙ ጊዜ ሴራሺያ ማርሴሰንስ የተባለችው ባክቴሪያ ምልክት ነው፤ እርጥበት ባለበት ቦታ ሁሉ ትገኛለች። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ብርሃን ካላገኘ አያድግም፣ ስለዚህ ፋውንቴኑ በመስኮት በኩል ፀሐይ የሚመታው ከሆነ መጀመሪያ ቦታውን መቀየር ነው። ነጭና ሻካራው ከውሃው የቀረ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ በራሱ ድመቷን አይጎዳም፣ ነገር ግን ሻካራነቱ ለባዮፊልም መያዣ ይሆናል፣ ፓምፑንም ያንቃል። አዲስ ማጣሪያ በተገባ ዕለት የሚታየው ጥቁር ብናኝ ግን ከከሰሉ የረገፈ ዱቄት እንጂ ሻጋታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ፓምፑ። ብዙ ሰው ፓምፑን አውጥቶ ላዩን አጥቦ ይመልሰዋል። ቆሻሻው ያለው ውስጥ ነው። ፓምፑ ሲታይ ትንሽ ድፍን ሳጥን ይመስላል፤ ከፊት ለፊቱ ግን ውሃ የሚገባባቸው ጠባብ ስንጥቆች ያሉት ክዳን አለ። ክዳኑ በጥፍር ወይም በቀጭን ማንኪያ ጫፍ ጎኑን ሲጫኑት ይከፈታል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ሁለት ክዳን ተደራርቦ ይገኛል። ከክዳኑ ሥር ኢምፔለር የምትባለው ባለክንፍ ሽክርክሪት አለች። ክንፎቿን ይዘው ሲስቧት ትንሽ ታንገራግርና ትወጣለች፤ ታች ያለው ክፍሏ ማግኔት ስለሆነ ነው የምታንገራግረው። ሽክርክሪቷ የተሰካችበት ቀጭን ዘንግ ሊሰበር ይችላልና ወደ ጎን ሳያጣምሙ ቀጥ አድርጎ ማውጣት ያስፈልጋል። ቦታው ባዶ ሲሆን ጣት የማትገባበት ጉድጓድ ይታያል። ቡናማው ዝልግልግ፣ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመው ፀጉር፣ መጥፎው ሽታ፣ ሁሉም ያለው እዚያ ነው። ድመቷ የምትጠጣው ውሃ ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ጉድጓድ ነው። ገንዳው ታጥቦ ጉድጓዱ ካልታጠበ፣ ፓምፑ ገና ሥራ እንደጀመረ ንጹሑን ውሃ መልሶ ይበክለዋል። «ትናንት አጥቤው ዛሬ ሸተተ» ለሚሉ ሰዎች ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው።

አጠባጠቡ ቅደም ተከተል አለው። ከሁሉ በፊት ገመዱ ከሶኬት ይነቀላል፤ እጅ ውሃው ውስጥ የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ውሃው ይደፋል፣ ማጣሪያውና ስፖንጁ ይወጣሉ፣ ክዳኑ፣ አፉ፣ ቱቦው፣ የጎማ ቀለበት ካለው እሱም ይፈታል፣ ፓምፑም ከላይ በተባለው መንገድ ይከፈታል። ለብ ያለ ውሃ ላይ ጥቂት ጠብታ ሽታ የሌለው የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይበቃል። ገንዳው በለስላሳ ስፖንጅ ይታሻል፤ ማዕዘኖቹና ጠርዞቹ በጥርስ ብሩሽ። ለፓምፑ ጉድጓድና ለቱቦው ቀጭን የጠርሙስ ብሩሽ ወይም በጥርስ መሐል የሚገባው ትንሽ ብሩሽ ተስማሚ ነው፤ ከሌለ የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ሥራውን ይሠራል፣ ጥጡ ተነቅሎ ውስጥ እንዳይቀር ብቻ መጠንቀቅ ነው። ሽቦ መፈግፈጊያ በፍጹም አይነካው። በፕላስቲክ ላይ የሚተወው ጭረት በዓይን ባይታይም ለባክቴሪያ ሰፊ ቦይ ነው። የፓምፑ የኤሌክትሪክ ክፍል በደንብ የታሸገ ስለሆነ አካሉ ውሃ ውስጥ መግባቱ ችግር የለውም፤ የገመዱ ጫፍ፣ ሶኬት ውስጥ የሚገባው በኩል፣ ግን እርጥበት ሊነካው አይገባም። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ገንዳውን ማስገባት የሚቻለው መመሪያው ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ፓምፑ ግን መቼም አይገባም።

መለቅለቁን አታቃልሉት። ድመት በሽታ ነገሯን የምትመርጥ እንስሳ ናት፤ የሳሙና መዓዛ የቀረበትን ውሃ አሽታ ትተወዋለች፣ ባለቤቷ ደግሞ ፋውንቴኑን ጠላችው ይላል። እያንዳንዱ ክፍል በሚፈስ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቅለቅ። ፓምፑ ከተገጠመ በኋላ ንጹሕ ውሃ ሞልቶ ለጥቂት ደቂቃ አስነስቶ ያንን ውሃ መድፋት ቱቦው ውስጥ የቀረውን አረፋ ያወጣዋል።

ነጩን ቅርፊት ሳሙና አያነሳውም፤ አሲድ ይፈልጋል። 5 በመቶ አሲድ ያለው ተራ ነጭ አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተቀላቅሎ፣ ወይም 1 የሾርባ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ተበጥብጦ ይደረጋል። ዕቃው እዚያ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቆያል። ቅርፊቱ ላይ ትንንሽ አረፋ ሲወጣ ይታያል፤ ካልሲየም ካርቦኔቱ እየሟሟ ነው ማለት ነው። አረፋው ቆሞ ቅርፊቱ ከቀረ አሲዱ አልቋልና አዲስ መበጥበጥ ያስፈልጋል። ለፓምፑ የሚሻለው ዘዴ ይህንኑ ውህድ ገንዳው ውስጥ ሞልቶ፣ ማጣሪያውን አውጥቶ፣ ፓምፑን ለ20 ደቂቃ ያህል ማስነሳት ነው፤ ብሩሽ የማይደርስባቸውን ቦታዎች ሁሉ ያገኛቸዋል። በዚህ ጊዜ ድመቷ ከአጠገቡ ትራቅ። ሌሊቱን ሙሉ መዘፍዘፍ ጥቅም የለውም፤ የጎማ ቀለበቱን ያደርቀዋል። ሳሙናው መቅደም አለበት፣ ምክንያቱም ቅባትና ባዮፊልም ቅርፊቱን ሸፍነው አሲዱ እንዳይደርሰው ያደርጋሉ።

በረኪና የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው፦ ሮዙ ሽፋን ደጋግሞ ሲመለስ፣ ወይም የታመመች ድመት ስትጠጣበት የቆየ ዕቃ ለሌላ ሲሰጥ። ሽታ ያልተጨመረበት፣ 5 በመቶ ገደማ የሆነ በረኪና 5 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 1 የሻይ ማንኪያ፣ በ1 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይጨመራል። 5 ደቂቃ ቆይቶ ይደፋል፤ ዕቃው ሦስት ጊዜ ተለቅልቆ በአየር ይደርቃል። በረኪና ቆሻሻ ላይ ከፈሰሰ ኃይሉን ቆሻሻው ላይ ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ በሳሙና ታሽቶ ካልጸዳ ዕቃ ላይ ማፍሰሱ ከንቱ ነው። ማጣሪያው በረኪና ውስጥ አይገባም። እባካችሁ ይህን ደግሞ ጎላ አድርጋችሁ አትሙልኝ፦ በረኪናና አቼቶ ወይም ሲትሪክ አሲድ በአንድ ላይ ከተገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ የሰውንም የድመትንም ሳንባ ይጎዳል። ሁለቱም የሚያስፈልጉ ከሆነ መሐሉ ላይ በብዙ ውሃ መለቅለቅ ግዴታ ነው፤ ከተቻለም በተለያየ ቀን ማድረግ።

ሌሎች የቤት ፀረ ጀርሞች ለዚህ ሥራ አይሆኑም። ውሃ ሲነካቸው እንደ ወተት የሚነጡት ብዙዎቹ ፊኖል ከሚባሉት ኬሚካሎች ወገን ናቸው፤ የድመት ጉበት ደግሞ እንዲህ ያሉትን ነገሮች አክሽፎ የሚያስወጣበት መንገድ ደካማ ነው። ለሰውና ለውሻ ብዙም የማያስቸግር መጠን ድመትን ሊመርዝ ይችላል። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ ያለባቸው ማጽጃዎች የድመትን ምላስና አፍ ያቆስላሉ። ጥሩ መዓዛ እንዲኖረው እየተባለ ጠብ የሚደረገው የዕፅዋት ዘይትም ከመጠጫዋ ይራቅ።

አዲስ ማጣሪያ ከመግባቱ በፊት ንጹሕ ውሃ ውስጥ 10 ደቂቃ ያህል ይዘፈዘፍና ውሃው እስኪጠራ ይለቅለቃል። ሳይዘፈዘፍ ከገባ ዱቄቱ ወደ ፓምፑ ይሄዳል፤ ደረቁ ከሰል አየር ስለሚይዝም ውሃው በደንብ አያልፍበትም። ለአንዲት ድመት በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ በየ2 ሳምንቱ መቀየር ተገቢ ነው። ስፖንጁ ታጥቦ ሊመለስ ይችላል፤ ከሰሉ ግን በሳሙና ታጥቦ አይታደስም፣ የሳሙናውን ሽታ መጥጦ ለድመቷ ይመልሳል። ማጣሪያ በእጅ ከሌለ ጊዜው ካለፈበት ጋር ከመቀጠል ያለ ከሰል በስፖንጁ ብቻ ማሠራት ይሻላል፤ ውሃው በየቀኑ ከተቀየረ ድመቷ ምንም አይጎድልባትም።

ስለ ውሃው መጠን ሻጮችና እኔ አንስማማም። 2 እና 3 ሊትር መያዙ እንደ ትልቅ ጥቅም ይነገራል። 4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ከምግቧም ከመጠጧም በድምሩ የሚያስፈልጋት 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እርጥብ ምግብ ሦስት አራተኛው ውሃ ስለሆነ እሱን የምትበላዋ ከመጠጫው የምትወስደው ትንሽ ነው፤ ደረቅ ምግብ የምትበላዋ ደግሞ አብዛኛውን ከመጠጫው ታገኛለች። ደረቅ የምትበላዋ እንኳ 2 ሊትሩን ብቻዋን ለመጨረስ ከ10 ቀን በላይ ይፈጅባታል፤ ቤቱ ውስጥ ይህን ያህል ጊዜ የቆመ የመጠጥ ውሃ ማንም አይፈልግም። ሲጎድል እየጨመሩ መሄድም መፍትሔ አይደለም። ውሃው ይተናል፣ ካልሲየሙና ምራቁ ግን አይተኑም፤ በተጨመረ ቁጥር የቀረው እየወፈረ ይሄዳል። መጨመርና መቀየር የተለያዩ ናቸው። ለአንዲት ድመት ፓምፑን ከሚሸፍነው ዝቅተኛ መስመር ትንሽ ከፍ አድርጎ መሙላትና በ2 ቀን አንዴ ሙሉ በሙሉ ደፍቶ መቀየር ይበልጣል። ፈትቶ ማጠቡ በሳምንት አንዴ፣ ፓምፑም አብሮ። ሙቀት በበዛበት ወቅት ወይም ድመቶቹ ብዙ ከሆኑ በሳምንት ሁለቴ። አሲዱ በወር አንዴ፤ ውሃው ጨው የሚበዛበት ከሆነ ነጩ መስመር መታየት እንደጀመረ።

ፓምፑ ችግር ሲገጥመው ብዙ ጊዜ በድምፅ ነው የሚያስታውቀው። የሚንኮሻኮሽ ወይም የሚያንገጫግጭ ድምፅ ካለ መጀመሪያ የውሃው መጠን ይታይ፤ ፓምፑ የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በውሃው ስለሆነ ውሃ አንሶት ከሠራ ይግላል፣ ዘንጉም ይበላል። ውሃው ሙሉ ሆኖ ድምፁ ካለ፣ በተለይ አሁን ታጥቦ የተገጠመ ከሆነ፣ አየር ይዞ ነው፤ ፓምፑን ውሃ ውስጥ እንዳለ ዘንበል አድርገው ቢያናውጡት አረፋው ይወጣና ዝም ይላል። አሁንም ካለ ፀጉር ነው። የሚፈሰው ውሃ ከቀጠነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የተደፈነ ማጣሪያ ነው፤ ማጣሪያውን አውጥቶ ማየት ወዲያው ያረጋግጣል። ያለ ማጣሪያውም ከቀጠነ የፓምፑ ስንጥቆች ወይም ቱቦው ተደፍነዋል። ጨርሶ የቆመ ፓምፕ ሞተ ተብሎ ከመጣሉ በፊት ሽክርክሪቷ ወጥታ ትታይ፤ ነጭ ቅርፊት ዘንጉ ላይ ይዟት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ ከአሲዱ በኋላም ትነሳለች። ማግኔቷ ተሰንጥቆ ዝገት ካወጣ ግን አዲስ ይገዛ፤ ዝገቱ ውሃው ውስጥ ይገባል።

የሚቀመጥበት ቦታ ከምግቧ ሳህን ትንሽ ራቅ ያለ፣ ከአሸዋ ሳጥኗ ደግሞ በጣም የራቀ ይሁን። ገመዱ ወደ ሶኬት ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዝቅ ብሎ ቢታጠፍ፣ በገመዱ ላይ የሚወርድ ውሃ ከታጠፈበት ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አብዛኞቹ ስለሚቆሙ አንድ ተራ የውሃ ሳህን ሁልጊዜ አጠገቡ ይኑር። ከሚሠሩባቸው ነገሮች አይዝጌ ብረትና የተለበጠ ሴራሚክ ከፕላስቲክ ይመረጣሉ፤ በቀላሉ አይቧጨሩም፣ ሲታሹም ቶሎ ይጸዳሉ። አገጫቸው ላይ ጥቁር ፍሬ የሚያወጡ ድመቶች ካሉ ብዙ የእንስሳት ሐኪሞች ፕላስቲኩን እንዲቀይሩ ይመክራሉ። ሴራሚክ ከተሰነጠቀ ግን ልባጡ ስለተከፈተ ጊዜው አልፏል።

አንድ ነገር ፋውንቴን ይደብቃል፤ ድመቷ ምን ያህል እንደጠጣች። በሳህን ጉድለቱ ይታያል፣ እዚህ ግን አይታይም። ገንዳው ውስጥ ሁልጊዜ እስከ አንድ ምልክት ሞልቶ፣ በማግስቱ በመለኪያ ስንት ሚሊ ሊትር ሲጨመር ወደ ምልክቱ እንደሚመለስ ማየት ጥሩ ልማድ ነው። የሚተነውም አብሮ ስለሚቆጠር ቁጥሩ ትክክለኛ አይሆንም፣ ለውጡን ግን ያሳያል። ምግቧ ሳይቀየር፣ ሙቀትም ሳይጨምር መጠኑ በግልጽ ከፍ ካለና በዚያው ከቆየ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም ታይሮይድ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። በድንገት መጠጣት ካቆመች መጀመሪያ ፓምፑ ይከፈት፣ ውሃው በሳህን ይቅረብላት፤ እሱንም እምቢ ካለች ጉዳዩ የፋውንቴን አይደለምና ወደ ሐኪም ትወሰድ።

በመጨረሻ ለዝግጅት ክፍሉ ጥያቄ አለኝ። እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን በገጾቻችሁ ስታስተዋውቁ ወይም ስታነጻጽሩ፣ ስንት ሊትር እንደሚይዝና መብራቱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ከመጻፍ በፊት ሦስት ነገር ጻፉልን፦ ፓምፑ ያለ መፍቻ በእጅ ይከፈታል ወይ? ሽክርክሪቷና ማጣሪያው ለብቻቸው ይሸጣሉ ወይ? የገንዳው ውስጠኛ ማዕዘኖች ስፖንጅ እንዲደርስባቸው ክብ ተደርገው ተሠርተዋል ወይ?

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ